የባትሪዋ እህት

ጆሃንስበርግ የገባሁት ወረርሽኙ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ቪዛዬ የሚለው ይህንን ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰውም ይህንኑ ነበር። ለራሴ ግን የመጣሁት አባቴን ለማየት ነው።

አባቴ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ማለት ለእኔ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚደወል ስልክ ነበር። እናቴ ታወራለች፣ ወንድሞቼ ያወራሉ፣ መጨረሻ ላይ ለእኔ ይሰጠኛል። «በላሽ?» ይለኛል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለኛል። «እናትሽን ታግዣለሽ?» ይለኛል። ሦስቱን ከመለስኩ በኋላ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ከጀርባው የማቀዝቀዣ ድምፅና በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራ ደንበኛ ይሰማኛል። ከዚያ ካርዱ ያልቃል፣ ወይም ያለቀ እናስመስላለን። ይህ ሁሉ በስልጥኛ ነው። እኛ ቤት አማርኛ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስለሆነ፣ እኔና አባቴ አንድም ቀን በአማርኛ አውርተን አናውቅም ነበር።

የአባቴ ሱቅ ያለው ኢስተርን ኬፕ፣ ገጠር ውስጥ፣ እዚህ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች መንደር ነው። ከጆሃንስበርግ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዳል። ለኢድ መጥቶ ሊወስደኝ ተስማምተን ነበር። እኔም እናቴ ከአገር ቤት የላከችለትን ዕቃ ሳልፈታ ሻንጣዬ ውስጥ አቆይቼለት ነበር። ከዚያ አገሩ ተዘጋ። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር መሄድ ተከለከለ፣ መንገዱ ላይ ወታደር ቆመ። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የሚይዘውን ፈቃድ እዚህ በደፈናው «ወረቀት» ነው የምንለው፤ የአባቴ ወረቀት የሚታደስበት ቢሮም ተዘጋ። «ትንሽ ይብረድ፣ እመጣለሁ» አለኝ። ትንሽ በረደ። ኢድ አለፈ፣ አረፋም አለፈ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ «አሁን በሽታው ወደኛ ነው የዞረው፤ አንቺ አትምጪ፣ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። አንድ አገር ውስጥ ሆነንም ስልኩ የሚደወለው ዓርብ ዓርብ ነበር።

የምኖረው ትሮይቪል በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ አንድ የቡታጅራ ሰው ቤት በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነው። ሰውየውን ሁሉም «ሀጂ» ይላቸዋል። መሀል ከተማ ላይ የጅምላ መደብር አላቸው፤ የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ አምፖል፣ ከጀርባ ባለው መጋዘን ደግሞ የመኪና ባትሪ ይሸጣሉ። ትዕዛዝ የሚቀበለው ሠራተኛቸው ለሠርጉ አገር ቤት እንደሄደ በረራ ተቋርጦ እዚያው ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ትምህርቱ በኮምፒውተር ሆኗል። ሀጂ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ስልክ ማንሳት አይከብድሽም አይደል?» አሉኝ። እንደሚከብደኝ ለመናገር ራሱ ከበደኝና እሺ አልኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ሱቅ ቆማለች ብሎ እንዲያስብ አልፈለግሁም፤ አሥር ጊዜ «አንቺ ብቻ ተማሪ» ብሎኛል።

ከደንበኞቻችን አንዱ አይቮሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ የመኪና ባትሪ በየሰፈሩ በብዛት ይሸጥ ነበር። ባለሱቆቹ አሮጌውን ተቀብለው በአዲሱ ላይ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ደንበኛም ደስ ብሎት ይሄዳል። አሮጌው ግን ጓሮ ይከመራል። የአይቮሪ ፓርኩ ሰውዬ ክምሩ ሲበዛበት፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ለቁራጭ ብረት ገዢ ሊሸጥ ብሎ ባትሪዎቹን በመዶሻ ፈለጣቸው፤ አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፋው። ጎረቤት በስልክ ቀረጸው። ተቆጣጣሪዎች ከፖሊስ ጋር መጥተው ሱቁን አሸጉበት።

በማግስቱ መደብራችን መጥቶ ከባንኮኒው ፊት ተቀመጠ።

«ሀጂ፣ አሮጌ ባትሪ ሰበርኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም እኮ።»

«አሲዱን የት ነው የደፋኸው?»

«ቦይ ውስጥ።»

«ቦዩ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ቦይ ወደ ታች ነው የሚሄድ።»

«ታች ማን አለ?»

ጭንብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ አሰበ። «ታችማ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቀለደም።

ሀጂ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው ኬሚስትሪ ነው አላልሽኝም? እንዲህ ያለውን ሕግ አንብበሽ በኛ ቋንቋ ንገሪን። መንግሥት በእንግሊዝኛ ጽፎ ያስቀምጣል፤ የኛ ሰው በድምፅ ካልሰማ አይገባውም። ሰባት ገጽ ብትልኪለት ሰባቱንም ሳያይ ‹እናመሰግናለን› ነው የሚልሽ።»

ደንቦቹን ለማንበብ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። አንዱ ሕግ ወደ ሌላው ይልካል፤ ያኛው ከታች ባለ ሰንጠረዥ ያበቃል። እየቆየ ግን ወደድኳቸው። በደረቁ ቋንቋቸው ውስጥ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ዕቃ ከተሠራ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ያለ ኃላፊ አይተውም። የሸጠው መልሶ ይቀበላል። የተቀበለው ከዝናብና ከሕፃናት አርቆ ያስቀምጣል። የሚያጓጉዘው ፈቃድ ይኖረዋል። ቆሻሻ መጣያ የሚያስተዳድረው እንዲህ ያለውን አላስገባም ይላል። በዚያው ሰሞን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያመረተና ያስመጣ ሰው ዕቃው አርጅቶ እስኪወገድ ድረስ እንዲጠየቅ የሚያደርግ አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ነገ ለባትሪም እንዲሁ ይሆናል ይባል ነበር። ይህን ክፍል ከሚያስፈልገኝ በላይ ደጋግሜ አነበብኩት።

ድምፄን የቀረጽኩት መጋዘኑ ውስጥ፣ በካርቶኖች መሀል ተቀምጬ ነው። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ አንዱ መምህር «ለኛም አሰሚን» ብሎኝ ክፍሉ ሁሉ ስቋል። ካርቶን ግን አይስቅም። አማርኛዬን አስተካክዬ፣ ቃል በቃል ለይቼ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ። አሮጌ ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ አይሰበርም፤ አይቃጠልም። ቆሞ ይቀመጥ፣ አይጋደም፤ ከሥሩ አሲድ የማይበላው የላስቲክ ሳፋ ይኑር። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይወጋም፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑና ለብቻው አስቀምጡት። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ባትሪዎቹን ስታስረክቡ ለማን እንዳስረከባችሁ የሚያሳይ ደረሰኝ ተቀበሉ። መጨረሻ ላይ የመደብሩን የስልክ ቁጥር ተናግሬ «ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ ላኩልን» አልኩ። ስሜን አልተናገርኩም።

ሀጂ ባለሱቆቹ ወደሚገናኙበት የዋትሳፕ ቡድን ላኩት። እኔ ከዚያ በኋላ ስልኩን በሩቁ እያየሁ ነበር የምዞረው። መልሶቹን ያሰሙኝ ሀጂ ናቸው።

«ማሻአላህ፣ ዜና አንባቢ ቀጥራችኋል እንዴ?»

«እኔ ሦስቴ ሰማሁት። ባትሪ አልሸጥም፤ ዳቦ ነው የምሸጠው።»

«እህታችን ያገባች ናት ወይስ እሷም ፈቃድ ላለው ብቻ ነው የምትሰጠው?»

በዚህ ጊዜ ሀጂ ራሳቸው ማይኩን ተጭነው፣ «ጥያቄ ስለ ባትሪ ብቻ» አሉ።  ከዚያ አንዱ «እሺ፣ ባትሪውስ አግብቷል?» አለና ሀጂ ስቀው ስልኩን አስቀመጡት።

ድምፄ ከኔ ቀድሞ አገሩን ዞረ። ኮዝሞ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ባለሱቆች ዕቃ ሊወስዱ መጥተው ባንኮኒው ላይ ሲከራከሩ «የባትሪዋ እህት እንዲህ አላለችም፣ እንዲያ ነው ያለችው» ይባባላሉ። እኔ ከፊታቸው ቆሜ፣ ጭንብሌን እስከ ዓይኔ ሥር ስቤ፣ የወሰዱትን ካርቶን እቆጥራለሁ። አንዱ እንዲያውም «አንቺ እዚህ የምትሠሪ ከሆነ ታውቂያታለሽ፤ ቆንጆ ናት?» ብሎኝ ነበር። «አላየኋትም» አልኩት።

አንድ ዓርብ ስልክ ሳይደወል ቀረ። በምትኩ ከአባቴ የተላከ መልእክት መጣ። ከፈትኩት፤ የራሴ ድምፅ ነው። ከሥሩ በስልጥኛ የራሱን ድምፅ ጨምሮበታል። «ይህን ስሚው። ጥሩ ነገር ነው፣ አንቺም እንዲህ ያለ ትምህርት ነው የምትማሪው። ልጅቷ እንዴት አድርጋ እንደምትናገር አየሽ? ሳትፈራ፣ ሳትቸኩል። ወላጆቿ ታድለው። አንቺም እንዲህ ሰው ፊት ብትናገሪ ደስ ይለኛል።»

መጋዘን ገብቼ ደግሜ አዳመጥኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አልሳቅሁም። እንዴት ያውቀኛል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከኔ የሚያውቀው ሦስት መልሶችን ነው። ያም ሆኖ ድምፅ ሰምቶ «ልጄ ናት» ማለት አባት የሆነ ሰው ሁሉ የሚችለው ይመስለኝ ነበር። «ሰማሁት፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ሌላ ነገር ጽፌ አጥፍቼ ነበር።

በሳምንቱ የመደብሩ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ቁጥሩን ሳየው አወቅሁት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እህት። እኔ ኢስተርን ኬፕ ሎኬሽን ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። ስለ ባትሪው የተናገርሽውን ሰምቼ ነው። እኔጋ አሮጌ ባትሪዎች አሉ፤ አብረን እያረጀን ነው፣ ኪራይ የምከፍለው ግን እኔ ብቻ ነኝ።» ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «እዚህ የሚገዛኝ የለም፣ መጣያም የለም። ምን ላድርጋቸው?»

አማርኛው ከየሱቁ የለቀመው ነው። ወንድና ሴት ይቀላቅላል፣ እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል፤ ግን ይፈስሳል። በአማርኛ አባቴ ሌላ ሰው ነበር። ይቀልዳል፣ ያማርራል፣ ነገር ከነገር ያያይዛል። ድምፄን አስተካክዬ፣ ያንኑ የተለየ አነጋገር ይዤ መለስኩለት። ባትሪዎቹ አሁን የት እንዳሉ፣ ምን ያህል ርቀት ላይ ሰው እንደሚኖር ጠየቅሁት። «እርስዎ» እያልኩት ነበር።

መልሱ ረጅም ሆኖ መጣ። ቤቱ አንድ ክፍል ሱቅ፣ አንድ ክፍል ጓዳ ነው። ከሱቁ በላይ ኮረብታ ላይ ያሉት ቤቶች መብራት አልገባላቸውም፤ ሰዎቹ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚሆናቸውን የመኪና ባትሪ እሱ ዘንድ አምጥተው ቻርጅ ያስደርጋሉ። ቻርጅ የሚያደርገው ጓዳ ውስጥ ነው። አሮጌዎቹም እዚያው ናቸው። እሱም የሚተኛው እዚያው ነው።

«መስኮት ነበረው፤ ሌቦች በዚያ ከገቡብኝ በኋላ በብሎኬት ደፈንኩት። ጧት ስነሳ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ሁለት ጊዜ ኮሮና መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን ያው ነው፣ ይተወኛል። ደንበኞቼ ታታ ነው የሚሉኝ፣ በቋንቋቸው አባት ማለት ነው። ታታ ያስላል ብለው ዝንጅብል ያመጡልኛል።»

የማላውቃቸው የኮረብታው ልጆች ሁሉ አባት ይሉታል። ይህንን ደግሜ ልሰማው ፈልጌ ነበር። ግን ጊዜ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ በዝግ ክፍል ይጠራቀማል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። አሲዱም በትንሹ እየተነነ ሳንባ ይጎዳል። ይህን በፈተና ጽፌ ነጥብ ያገኘሁበት ነው።

«አባባ» አልኩት። እንግዳ ሽማግሌን እንደዚያ ማለት ነውር የለውም። «ባትሪዎቹን ዛሬውኑ ከሚተኙበት ያውጧቸው። ጋዙ አይታይም፣ ግን ይፈነዳል። ከአጠገባቸው ሻማም ሲጋራም አይለኮስ። ሲያነሷቸው ጓንት ያድርጉ። አሲድ ከነካዎት በብዙ ውኃ ይታጠቡ።»

«ውጭ ካወጣኋቸው ይሰረቃሉ፣ እህቴ።»

«ይሰረቁ።»

«አይ፣ የሰው ባትሪ ነው እኮ! ባትሪዋ ቢሰረቅ አንዷን እማማ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

እንዲህ እየተከራከርን ቀናት ሄዱ። ከበስተኋላ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በብረት ፍርግርግ የተሠራ ቁልፍ ያለው ሳጥን እንዲያሠራ ነገርኩት። እሱ የበጎች በረት የሚበይድ ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ። ከሱ ሠፈር ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ ፈቃድ ያለው ባትሪ ነጋዴ ፈልጌ አገኘሁለት፤ መኪናቸው ወደዚያ ሲያልፍ አሮጌዎቹን ለመውሰድ ተስማሙ። እያንዳንዱን መልእክት ስለ ባትሪ ልመልስ ብዬ እከፍተውና የሰውየውን ቀን በሙሉ ሰምቼ እጨርሰዋለሁ። ፀሐይ እንዴት እንደምትወጣበት፣ ዳቦ የሚያመጣው መኪና ሲዘገይ ሴቶቹ እንዴት እንደሚያሾፉበት፣ ለረመዳን ብቻውን እንዴት እንደሚያፈጥር። ዓርብ ደግሞ በራሴ ስልክ ይደውላል። «በላሽ?» ይላል። በልቻለሁ እላለሁ። ጉሮሮህን እንዴት አደረገህ ማለት እየፈለግሁ፣ ስለ ጉሮሮው ለኔ እንዳልነገረኝ ትዝ ይለኛል።

አንድ ቀን ሳጥኑ ሊያልቅ እንደሆነ ነግሮኝ እንዲህ ጨመረ፦

«እህት፣ ትቸኩያለሽ መሰለኝ፤ እኔ ግን ሳጥኑ እስከ ኢድ ቢቆይም አይከፋኝም። ልጅ አለችኝ፣ ጆበርግ። የተማረች ናት፣ እንደ አንቺ። መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል፤ እንዳትመጣ በበሽታው እያሳበብኩ ነው። መጥታ የት ትተኛለች? ከባትሪ ጋር? ይህን ሁሉ ዓመት አባቴ ነጋዴ ነው ስትል ነው የኖረችው። እኔም ልሂድ ብል፣ የምለብሰው ልብስ እንኳ አሲድ ያልበሳው የለኝም። ይሄን ደግሞ በግሩፑ እንዳትናገሪው።»

ሀጂ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊቴን አይተው «ማነው የሞተው?» አሉኝ፤ በዚያ ሰሞን ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነበር።

«ማንም። ይሄ የኢስተርን ኬፕ ሰውዬ አባቴ ነው።»

ሀጂ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ ከአባትሽ ጋር በኔ ስልክ ለምን ታወሪያለሽ?»

«በኔ ስልክ አያወራኝም፣ ሀጂ። በርስዎ ስልክ ነው የሚያወራኝ።»

«ያውቅሻል?»

«አያውቀኝም።»

 «ብትነግሪው ያፍራል» አሉ። «ባትነግሪው ደግሞ ሳያውቀው የልቡን ይነግርሻል፤ ይሄ ደግ አይደለም። የኔ ልጅ ብትሆኚ የሚያሳፍረኝን እመርጥ ነበር።» ተነስተው ወደ ባንኮኒው ሄዱ።

የመደብሩን ስልክ ይዤ ካርቶኖቹ መሀል ገባሁ። በስልጥኛ ተናገርኩ። የተለማመድኩት ነገር አልነበረም፣ ድምፄም ያ የተስተካከለው ድምፅ አልነበረም። «አባ፣ እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እኔ ነኝ። አልጋ አያስፈልገኝም። ባትሪዎቹን አውጣና መስኮቱን ክፈተው፤ እኔ መሬት ላይ እተኛለሁ።»

እንዳዳመጠው ስልኩ አሳየኝ። መልስ አልመጣም። በሚቀጥለው ዓርብ አልደወለም። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ደወለ፤ በላሽ አለኝ፣ ትምህርት አለኝ፣ እናትሽን አለኝ። ስለ ባትሪ አንድ ቃል አልተነሣም። የመደብሩ ስልክም ዝም አለ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ናፍቆት ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊት የናፈቅሁት የማላውቀውን ሰው ነው፤ አሁን ግን የሚስቀውን፣ የሚያማርረውን፣ ከነጉሮሮው የማውቀውን ሰው ነበር። ሌሎች ባለሱቆች ጥያቄ ይልካሉ፣ እመልሳለሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቁጥሩን አይና ድምፄን አስተካክላለሁ። ምነው ባልነገርኩት ብዬም አሰብኩ።

የወረርሽኙ ሁለተኛ ማዕበል መጣ፤ ቀብር የሚቆመው ሰው ራሱ በቁጥር ሆነ። አንድ ማለዳ፣ መደብሩ ገና እንደተከፈተ፣ ስልኩ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም እህት።» በአማርኛ ነው። «የባትሪው ሰውዬ ነኝ። አሮጌዎቹን መኪናው መጥቶ ወስዷቸዋል፣ ደረሰኝም ሰጥተውኛል። የሰው ባትሪዎች ሳጥኑ ውስጥ ገብተዋል። ብሎኬቱን አንስቼ ፍርግርግ አስገጠምኩበት፤ ጓዳው ነፋስ ይገባዋል። ጉሮሮዬም ትቶኛል።»  ከጀርባው ዶሮ ይሰማል። «አሁን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ ስለ ባትሪ አይደለም። ልጄን ማናገር አቅቶኛል። ስደውልላት ሦስት ነገር እጠይቃትና ያልቅብኛል። ካንቺ ጋር እንደዚህ የሚያወራው ሰውዬ እሷ ጋ ሲደርስ የት እንደሚሄድ አላውቅም። ምን ብጠይቃት ይሻላል?»

መደብሩ ውስጥ አንድ የኮዝሞ ሲቲ ደንበኛ ቻርጀር እየመረጠ ነበር። ጀርባዬን ሰጠሁት።

«አባባ፣ አይጠይቋት» አልኩ፤ በአማርኛ፣ በእርስዎ። «ለኔ የነገሩኝን ለሷ ይንገሯት።»

«ታዝናለች።»

«አውቃለሁ። ትዘን።»

 እየቀረጸ እንደሆነ ብቻ ስልኩ ያሳያል፤ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ደንበኛው የመረጠውን ባንኮኒው ላይ ደርድሮ «እህት፣ ሒሳብ» አለ። በዚያው ቅጽበት መልእክቱ ገባ። ከፈትኩትና ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። በስልጥኛ ነበር። «የሄድኩ ዕለት ተኝተሽ ነበር» ብሎ ይጀምራል። «ልቀስቅሳት ብዬ ነበር፤ እናትሽ ተዋት አለችኝ።»

መልእክቱ በጣም ረጅም ነበር። ደንበኛው ደግሞ ጠራኝ። ሀጂ ከውስጥ ወጡ፣ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ መነጽራቸውን አድርገው ሒሳቡን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ።